የለቃሚዋ እጅና የተለቀመው ቅጠል



ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌን አልፎ፥ ካራማራን ተሻግሮ ጅጅጋ በሚገባው መንገድ ጫት የጫኑ መኪናዎች ይከንፋሉ። ከዋና መነሻዎቹ አንዱ የአወዳይ ገበያ ነው። በዚያ ሴቶች ለጋውን ከጠነከረው ይለያሉ፤ ዙርባ ያስራሉ፤ እርጥበቱ እንዳይጠፋ ይጠቀልላሉ። ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚዳከም፥ ሥራው ጥድፊያ ነው። ከጭነቱ ከፊሉ ቶጎጫሌን አልፎ ሶማሌላንድ ይደርሳል።

ከዚህ አንድ የኅሊና ጥያቄ ይነሣል። ጫት የብዙዎችን ቤት አራቁቷል። ታዲያ ዙርባ በማሰር ልጆቿን የምታሳድግ እናት እንጀራዋ የኃጢአት እንጀራ ነውን?

የግብረ ገብ ትምህርት ሁለት ነገሮችን ይለያል። የሌላውን ክፉ ፈቃድ የራስ አድርጎ መተባበር አንድ ነው፤ ክፋቱን ሳይፈልጉ፥ ሌላው ለጥፋት ሊያውለው በሚችል ሥራ መሳተፍ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ምን ጊዜም የተከለከለ ነው። ሁለተኛው ግን በምክንያቱ ክብደትና ከጥፋቱ ባለው ርቀት ይመዘናል። ለቃሚዋ የማንንም ጥፋት አትሻም፤ የምትሻው የዕለት ጉርስ ነው። ሌላ ሥራ በታጣበት ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም። የተሻለ ሥራ በተገኘ ጊዜ ግን ሚዛኑ ይለወጣልና፥ ኅሊና እንደገና ሊጠየቅ ይገባዋል።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 እ.ኤ.አ. «ላቦሬም ኤክሴርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው፥ የሥራ ክብር በቅድሚያ ከሠሪው ሰብአዊነት እንደሚመነጭ አስተምረዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢነቀፍም ለቃሚዋ አትናቅም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛም በ1891 እ.ኤ.አ. «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክት፥ ሠራተኛ ችግር አስገድዶት የተቀበለው አነስተኛ ደመወዝ፥ ስለ ተስማማበት ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን አስረድተዋል። እንግዲህ በዚህ ገበያ ከለቃሚዋ አስቀድሞ የሚጠየቁ አሉ፤ ድካሟን በርካሽ የሚገዛው ነጋዴ፥ የልጆቹንም ምሳ በበርጫ የሚጨርሰው አባት።

በወይኑ አትክልት ምሳሌ ባለቤቱ በአደባባይ ቆመው የዋሉትን አግኝቶ፥ የቀጠራቸው እንዳጡ ሲነግሩት ሥራ ሰጣቸው፤ ሲመሽም የቀኑን ሙሉ ዋጋ ከፈላቸው። እኛም ወደ ለቃሚዋ ስንቀርብ፥ ስንት እንደሚከፈላትና ስትሠራ ልጇን ማን እንደሚጠብቅላት አስቀድመን እንጠይቅ። ሌላ እንጀራ ሳናፈላልግላት «ይህን ሥራ ተዪ» ማለት፥ ሸክሙን በእርሷ ጫንቃ ላይ ትቶ መሄድ ነውና።