ለፈረሰ ሰፈር ማን ያልቅስ?

ስደተኛ ከሚሰበስባቸው ነገሮች አንዱ የድሮዋ አዲስ አበባ ፎቶግራፍና ካርታ ነው፤ እኔም እሰበስባለሁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ እነዚህ ወረቀቶች ከትዝታነት ወደ ምስክርነት ተሸጋገሩ። ታዲያ ጣሪያው ሲያፈስ ያልነበርን ሰዎች፣ ቤቱ ፈረሰ ብለን የማልቀስ መብት አለን?

አስቀድመን ምስክሮቹን እንመርምር። ከዐፄ ምኒልክ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ነው። ካሜራው የሚዞረው ወደ ዙፋኑና ወደ መኳንንቱ ነበር፤ ውኃ ቀጂዋ በጠርዙ ብትታይ በአጋጣሚ ነው። ካርታም ያለውን ብቻ አይነግርም፤ ባለሥልጣን የሚሻውንም ያዝዛል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች የነደፉት ፕላን ነጩን ከሐበሻው ለየ፤ የአራዳንም ገበያ ነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወሰደ።

ይሁን እንጂ ካርታ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት ድርጅት ምኅጻረ ቃል ነው። ሕዝባችን ያንን የባዕድ ስም ተቀብሎ ዳረበት፣ ኳለበት፣ ለቅሶ ተቀመጠበት፤ የራሱም አደረገው። ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው የኖረበት ሰው እንጂ የነደፈው አይደለም።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንጠይቅ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ትርፍ ቤቶች ተወርሰው አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ወደ ቀበሌ ከዞሩ ወዲህ ብዙዎቹ በቂ እድሳት ሳያገኙ አርጅተዋል። በፎቶግራፍ የሚያምረን የእንጨት በረንዳ፣ ለነዋሪው የበሰበሰ ወለልና ከብዙ ቤተሰብ ጋር የሚጋራው መጸዳጃ ነበር። እኛ በሞቀ ቤት ተቀምጠን እርሱ በዚያ ይቆይልን ብንል፣ ትዝታችን ግፍ ይሆናል።

ነገር ግን ነዋሪው ሲበተን የሚጠፋው ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። እድሩ፣ እቁቡ፣ ልጅ አደራ የሚባልላት ጎረቤት በየትም ፎቶግራፍ አልተነሡም፤ በየትም ካርታ አልሰፈሩም። በአዲስ መንገድም ሆነ በአዲስ ሕንጻ አይተኩም።

ስለዚህ ማልቀስ መብታችን ነው እላለሁ፤ ግን ዕዳ ያለበት መብት ነው። «ሕንጻው የት ሄደ?» ከማለት በፊት «ሰዎቹ የት ገቡ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በእጃችን ያለውን ፎቶግራፍ ገልብጠን፣ አረጋውያኑ ሳያልፉ የእያንዳንዱን ሰው ስም እንጻፍበት፤ በካርታውም ላይ የማን ደጅ፣ የየትኛው እድር ድንኳን እንደነበረ እናመልክት። ይህን ያላደረገ ሰው ያለቀሰው ለሰፈሩ ሳይሆን ለገዛ ልጅነቱ ነው።