ሳተላይት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለችም



በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በኩል የሚያልፍ ሰው ስለ አየር ብክለት ቢጠየቅ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ፋብሪካዎቹ ነው። ዓይኑ የሚያየው እነሱን ነዋ! ግን የልብስ ስፌቱን የሚያንቀሳቅሰው የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከግድብ ውኃ የሚመነጭ ነው። ታዲያ የካርበኑን ሒሳብ ማን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ጎሳትን፣ በ2014 አሜሪካ ኦኮ-2ን አመጠቁ። እነዚህ ሳተላይቶች ጭስ ፎቶ አያነሱም፤ ከምድር ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ይለካሉ። ካርበን ዳይኦክሳይድ ከብርሃኑ የተወሰነውን ስለሚውጥ፣ ከጎደለው ብርሃን የጋዙ መጠን ይታወቃል።

በ2019 የታተመ ጥናት የሁለቱን መረጃ መርምሮ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። በ2016 ሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል ከሳበው ይልቅ የለቀቀው ካርበን በልጦ ልዩነቱ 1.65 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደረሰ። ጎልተው ከታዩት ሁለት አካባቢዎች አንዱ አረንጓዴ ብለን የምናውቀው ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። አፈሩ ብዙ ካርበን ያከማቸ ነው፤ የመሬት አጠቃቀሙም በሰፊው ተለውጧል።

ታዲያ ጥፋተኛው ገበሬው ነው እንበል?

አንደኛ፣ ዲናችን ወሬ ሲመጣ አጣሩ ይለናል። ሳተላይት ደመና ሲጋርዳት መለካት አትችልም፤ በአፍሪካ ምድር ላይ ያሉ የመለኪያ ጣቢያዎችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ግምታቸውን ከ1.14 እስከ 2.42 ቢሊዮን ቶን ብለው ነው ያስቀመጡት። እርግጠኛ ያልሆኑበትን አለመደበቅ የምስክርነት አማና ነው።

ሁለተኛ፣ ሳተላይቷ ቦታውን ትናገራለች እንጂ የሰውን ችግርና ኒያ አታይም። መሬት የሚመነጥረው ሰው ልጆቹን ለማብላት ይሆናል። ዛፉን የሚያከስለውም ገዢ ስላለው ነው። ገዢው ማን ነው? ከሥራ መልስ በኪራይ ቤታችን ቡና የምናፈላበት ከሰል የሆነ ቦታ ቆሞ የነበረ ዛፍ ነው። ዛፉ የተቆረጠበት ቦታ መራቁ እኛን ከሒሳቡ አያወጣንም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም እኩል ይጠየቃል ማለት አይደለም። መብራት ሲጠፋባት ከሰል የምታቀጣጥል የፋብሪካ ሠራተኛና ምርጫ እያለው የሚያባክን ባለጸጋ አንድ አይደሉም። ለትውልዶች የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ አንድደው የበለጸጉ አገሮችም ይህን ጥናት ይዘው የእኛን ገበሬ ቢወቅሱ ሚዛኑን አዛቡት ማለት ነው። የሰው ተጠያቂነት በእውቀቱና በአቅሙ ልክ ነው።

ግን እኛም «የእነሱ ይብሳል» ብለን ማምለጥ አንችልም። ከዛሬ ጀምሮ አውቀናል፤ ያወቀ ሰው ደግሞ አላወቅኩም ማለት አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጁሙዓ የሌላውን ድርሻ ከመቁጠራችን በፊት የራሳችንን እንቁጠር፦ ልንተወው እየቻልን የምናነደው፣ ልናድነው እየቻልን የምናባክነው ምንድን ነው?

አላህ ሚዛን ከሚጠብቁት ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!