ዘር ቆጣሪና ዘር መርማሪ



ባለፈው ጥር በሰፈራችን የአንዲት እጮኛ ሠርግ ቀረ። ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ የእናቷን እግር አዩ፤ ያበጠ ነው፥ ዝሆኔ የምንለው። «ዘራቸው ነው» ተባለ፤ ነገሩም በዚያው ፈረሰ። ይህን በማኅበራችን ስንጫወት ጤና የሚማር አንድ ወንድማችን «ሊቃውንቱም እኮ ዘር አለበት ይላሉ» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ታዲያ ሽማግሌዎቹ እውነት ተናገሩ ማለት ነውን? ሰው መስደቢያ የሚሆን እውነት ያገኘ ተመራማሪስ ሊናገረው ይገባዋልን?

አስቀድመን ነገሩን እንወቅ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም ነበር። በዚህም ጊዜ እግራቸው ያበጠ፥ ነገር ግን የሥጋ ደዌም ሆነ በትንኝ የሚተላለፈው ትል የሌለባቸው ደገኞችን ተመለከተ። ዓመታት ወስዶ ምክንያቱን በአፈር ላይ አገኘው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ፥ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳል። ይሁን እንጂ መንደሩ ሁሉ በባዶ እግሩ ሲሄድ ጥቂቶች ብቻ ለምን ታመሙ? ፕራይስ በ1972 እ.ኤ.አ. የዘር ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ጻፈ። ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ2012 እ.ኤ.አ.፥ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጸሩ። 202 ቤተሰቦችንም፥ አባት፥ እናትና ልጅ አድርገው መረመሩ። የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ጂኖች ላይም ልዩነት አገኙ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሽታው ራሱ ይወረሳል አልተባለም። የጎጃም ገበሬ እንደሚያውቀው የጤፍ ዘር በጎታ ውስጥ እያለ አይበቅልም፤ እርጥብ መሬት ይሻል። እንዲሁም ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው ለበሽታው መጋለጥን ነው፤ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። በሽታው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሽማግሌዎቹን ለመውቀስ አልቸኩልም፥ ለልጅ ልጃቸው ፈርተዋልና። ነገር ግን ስለ ዘር ጠየቁ እንጂ ስለ ጫማ አልጠየቁም። የያዙት ግማሽ እውነት ነው።

«ተመራማሪው ዝም ቢል አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን የእርሱ ዝምታ የሰፈሩን አፍ አይዘጋም፤ «ዘራቸው ነው» የሚለው ቃል ከፕራይስ በፊትም ነበረ። ሁለተኛም፥ ራሳቸውን ለምርመራ የሰጡ ቤተሰቦች መልሱ ይገባቸዋል። ሦስተኛም፥ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የታማሚ ወንድምና እኅት ከሌላው 5 እጥፍ ያህል እንደሚጋለጡ ታውቋል፤ ይህን የሰማች እናት የልጆቿን እግር ቶሎ ትጠብቃለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለምን? ስለዚህ ይናገር፤ ግን ሙሉውን ይናገር። ሥራ ላይ ሲውልም ጥንቃቄ ያሻል። ጫማ ለሕሙማን ልጆች ብቻ ቢታደል ጫማው ራሱ መለያ ይሆንባቸዋል፤ ለመንደሩ ልጅ ሁሉ ይሁን።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.3 በመቶው ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም እግርን በሳሙና መታጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ የሚያጣድፈውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ወጣቶች ሆይ፥ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ እግር ሲታጠብ እናያለን። የዚያች እናት እግር ግን በሯ ተዘግቶ፥ በገዛ እጇ ይታጠባል። ነገ እኛም ሽማግሌ ሆነን እንላካለን፤ የምንጠይቀውን ከአሁኑ እንወቅ። ልጅቱ ዛሬ እግሯ ጤነኛ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባዶ እግሯን ሄዳ አታውቅም። የመጀመሪያውን ጫማ የገዛችላት ያችው እናቷ ናት፤ ለራሷ ሳይኖራት።