ለውሻ ሕክምና የወጣ ገንዘብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ለታመመ ውሻ ሕክምና የወጣ ገንዘብ አጅር አለውን? ወይስ የባከነ ገንዘብ ነው? ጥያቄውን ያስነሳው አንድ የኮልፌ ወንድማችን ነው። ባለቤቱ በሰንሰለት አስሮ የረሳውን፣ በረሃብና በእከክ ያለቀ ውሻ ፈትቶ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደው፤ የመድኃኒቱንም ዋጋ ከደመወዙ ከፈለ። ይህን የሰሙ ጎረቤቶቹ ከዒሻ ሶላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ ይዘውት «ሰው በሚራብበት አገር ለነጃሳ ገንዘብ ይወጣል?» ሲሉ ወቀሱት።

ወቃሾቹ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። በአገራችን አብዛኛው ሙስሊም በሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው፤ ምራቁ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። በሐነፊዮች ዘንድ ነጃሳው ምራቁ እንጂ አካሉ አይደለም። ኢማም ማሊክ ደግሞ ውሻ ጧሂር ነው ይላሉ። ያለ በቂ ምክንያት ውሻ ማኖር በየቀኑ ከምንዳ እንደሚቀንስም በሐዲስ ተነግሯል። ይህ ሁሉ ግን ስለ ጠሃራና ስለ ማኖር የመጣ ሕግ ነው። ነጃሳ የተባለ ፍጡር ቢሰቃይም ግድ አይስጣችሁ ያለን የለም። የሰው ደምም በአብዛኞቹ ዑለማ ዘንድ ነጃሳ ነው። ታዲያ ደም ይነካኛል ብሎ ከቆሰለ ሰው የሚሸሽ ሐኪም እናመሰግናለን?

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ነገር ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ሰውየው መንገደኛ ነው። ጠምቶት ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ጠጣና ወጣ። የእርሱ ችግር በዚህ አብቅቷል። ከላይ ግን ከጥማት የተነሳ ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አገኘ። እኔን የያዘኝ ጥም ይህንንም ይዞታል ብሎ አሰበ። ዳግመኛ ወረደ፤ ኹፉን ውኃ ሞላ፤ እጆቹ ለመውጣት ስለሚያስፈልጉት ኹፉን በአፉ ነክሶ ወጣ። ድካሙ አንድ ጊዜ የነበረው ሁለት ሆነበት ማለት ነው። አላህም ሥራውን ወደደለትና ማረው። ሰሓባዎች ይህን ሲሰሙ ተገርመው በእንስሳት ምክንያትም አጅር እናገኛለን ወይ ሲሉ ጠየቁ። የአላህ መልዕክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ላለው ፍጡር ሁሉ በሚደረግ በጎነት ምንዳ እንዳለ መለሱላቸው። የኮልፌ ጎረቤቶች ጥያቄ መልስ ካገኘ አሥራ አራት ክፍለ ዘመን አልፏል።

«ውኃ ማጠጣት ሌላ፣ ሐኪም መክፈል ሌላ» የሚል ይኖር ይሆናል። በሂጅራ 660 ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዘዲን ኢብን ዐብዱሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ቢታመሙም ሆነ ቢያረጁና ምንም ጥቅም ባይሰጡም ወጪያቸውን መሸፈን ግዴታ መሆኑን ጽፈዋል። አስተውሉ! እኚህ ዓሊም ውሻን ነጃሳ ከሚሉት ከሻፊዒዮች ወገን ናቸው። እንግዲህ በመስጊዱ በር መወቀስ የነበረበት አስሮ የረሳው ባለቤት ነው፤ የእርሱን ስም ግን ያነሳ አልነበረም።

ሰው ይቅደም የሚለው አባባል ትክክል ነው። የቤተሰብ ነፈቃ ይቀድማል። ዘካም በቁርኣን ለተጠቀሱት ስምንት ክፍሎች ብቻ ስለሚሰጥ ለውሻ መድኃኒት አይሆንም። ወንድማችን የከፈለው ግን ከቤተሰቡ ወጪ ከተረፈው ነው፤ ይህ በር ሰደቃ ነው። ደግሞስ ያው ገንዘብ ለጫት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በመስጊዱ በር ማን ይከራከር ነበር?

ለሰውም ቢሆን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ለውሻው ከሰጠው ነገር አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። በዓለም ላይ ሰው በዚህ በሽታ የሚያዘው እስከ 99 በመቶ በውሻ አማካይነት ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከሚሞቱትም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በከተሞቻችን የተለመደው በሥጋ ውስጥ መርዝ ደብቆ ውሻን መፍጀት በሽታውን አላጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሶላቴ ይበላሻል ብሎ የሚሰጋ የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ ጓንት ያድርግ፤ የውሻውን ሳህን ከቤት ዕቃ ይለይ፤ የሶላት ልብሱን ለብቻ ያስቀምጥ። ደረቅ እጅ ደረቅ ፀጉር ቢነካ ነጃሳ አይተላለፍም። የዳነውን ውሻ ግቢ እንዲጠብቅ ማኖርንም ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ከተፈቀደው ጋር በቂያስ አገናኝተው የፈቀዱ ዑለማ ብዙ ናቸው።