የጎደለው ውሃ በማን ሂሳብ ይጻፍ?

ሐይቅ ሲሸሽ ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ይላል፤ ሌላው «የአየር ንብረት ለውጥ ነው»። የአማኝና የምሁር አነጋገር ይምሰሉ እንጂ ሁለቱም ተናጋሪውን ከደሙ ንጹህ ያደርጉታል። አዳማ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር አርጅቻለሁ፤ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ። የፈጣሪን ሥራ ከሰው እጅ ለይቼ እንዳይ ያስገደደኝ ግን በወንድሜ ሳሎን ያለ የመስታወት ገንዳ ነው።

ወንድሜ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጠይቀው በሄድኩበት ክረምት ልጆቹን ይዞ ለዕረፍት ሲወጣ ገንዳውን ለእኔ አደራ ሰጠ። ውስጡ ለስላሳ ኮራሎች አሉ። ኮራል ተክል ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ድንጋያማው ዓይነት ሪፍ ሲገነባ፣ ለስላሳው በሥጋው ውስጥ ከተበተኑ ደቃቅ የኖራ ስንጥሮች በቀር አጽም የለውም። በላዩ ካሉት ትናንሽ አፎች ከእያንዳንዷ ዙሪያ ስምንት ክንዶች ይዘረጋሉ። በሥጋው ውስጥ የተጠለሉ ጥቃቅን አልጌዎች ደግሞ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል።

ወንድሜ መብራቱ በሰዓቱ እንደሚበራና እንደሚጠፋ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨዉም በኪሎ 35 ግራም ገደማ መሆን እንዳለበት አሳየኝ። ከዚያም በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ውሃው ሲጎድል የተጣራ ንጹህ ውሃ ብቻ ጨምሪ፤ የጨው ውሃ እንዳትነኪ» አለኝ። ነገሩ ገባኝ። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። በጎደለ ቁጥር የጨው ውሃ የሚጨምር ሰው ገንዳውን ሞላሁ እያለ ኮራሉን ይገድለዋል።

ከኮራሎቹ ትልቁ፣ እንጉዳይ የሚመስለው፣ አንድ ጠዋት ክንዶቹን ሁሉ ሰብስቦ ላዩ አብረቀረቀ። በማግስቱም እንዲሁ። ደወልኩለት። «ተይው እትዬ፣ እየታጠበ ነው» አለኝ ሳቅ ብሎ። እውነትም ከቀናት በኋላ ስስ ሽፋን ከላዩ ተላጠ፣ የፓምፑም ሞገድ ወሰደው። የተጣበቀበትን ቆሻሻና አልጌ የሚያራግፈው እንዲህ ነው። ክንዶቹ ተመልሰው ብቅ አሉ። ፓምፑ ቢቆም ግን «ተይው» አይሠራም፤ የማይንቀሳቀስ ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ሰዓታት ይበቁታል። ጠባቂነት ማለት መቼ እጅን እንደሚሰበስቡ፣ መቼ እንደሚደርሱ መለየት ነው።

«ይህን ፍጥረት ከባሕሩ ለይቶ በመስታወት ማሰር ራሱ ኃጢአት አይደለም?» ብዬ ጠይቄው ነበር። የእሱ ኮራሎች ከሌላ ኮራል ተቆርጠው በገንዳ ያደጉ መሆናቸውን ነገረኝ፤ ለስላሳ ኮራል ሲቆረጥ ቁራጩ ራሱን ችሎ ይኖራልና። መልሱ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ እሱ በየቀኑ የሚያደርገው ነው። ፍጥረትን በእጁ ያስገባ ሰው፣ ሲሞትበት «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የማለት መብት የለውም። ኦሪት ዘፍጥረት ሰውን የፍጥረት ገዥ ቢያደርገውም የገነትም ጠባቂ አድርጎታል። ሙስሊም ጎረቤቴ ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ (የፈጣሪ ወኪል) ስለሆነ ለያዘው ሁሉ ይጠየቃል ትለኛለች። ኦሮሞ በሳፉ ሥርዓቱ በሰውና በፍጥረት መካከል የማይታለፍ ወሰን አለ ይላል። ሦስቱም ሥልጣንን ከተጠያቂነት አልነጠሉም።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። የመቂና የቀታር ወንዞች ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። አብያታ መውጫ የለውም። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል፤ ጨዉን የሚያቀጥነው ከላይ የሚመጣው ንጹህ ውሃ ነው። እኛ ደግሞ ዝዋይ ዙሪያ ለሽንኩርቱ፣ ለቲማቲሙና ለአበባው ፓምፕ ተከልን። አብያታ ዳር ሶዳ አሽ ለማምረት የሐይቁን ውሃ ስበን በፀሐይ አተነንነው። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ዓሣ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖች ለጫጩቶቻቸው ቀለብ እስከ ዝዋይ ይበሩ ጀመር።

ድርቅ የለም አልልም፤ ዝናብ የሚያንስበት ዓመት አለ። የመቂ ገበሬም ስግብግብ አይደለም፤ ልጆቹን የሚያበላው በዚያው ፓምፕ ነው። ነገር ግን ፓምፑን በከተትንበት ቀን ሐይቁ የእኛ ገንዳ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የጎደለውን ሁሉ በፈጣሪ ስም መመዝገብ እምነት አይደለም፤ ዕዳን በሌላ ስም ማስጻፍ ነው። እንዲያውም ድርቅ በመጣ ቁጥር የእኛ ድርሻ ይከብዳል፤ ወንድሜ በሞቃት ቀን አብዝቶ ይጨምራል እንጂ «ዛሬ ፀሐዩ በረታ» ብሎ አይተወውም።

በጥምቀት ውሃ ዳር እንቆማለን፤ በኢሬቻ ሆራ አርሰዲ ወርደን እርጥብ ሣር ነክረን ፈጣሪን እናመሰግናለን። ምስጋናው ሥራ ይከተለው። ለአዲስ ፓምፕ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት፣ በቡልቡላ በኩል ለአብያታ የሚወርድ ውሃ ተለክቶ ይቆረጥለት፤ በድርቅ ዓመትም ከድርሻው ላይ አይወሰድበት። ቄሱም፣ ሼኩም፣ አባ ገዳውም ይህን በየመድረካቸው ይጠይቁ። ዝናብ ማዝነብ የእኛ ሥራ አይደለም፤ የወሰድነውን መመለስ ግን የእኛ ነው።