ዕጣ ፈንታና ምርጫ በ«ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ»

«ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ» በሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የወጣ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ክራቶስ የተባለውን የስፓርታ ተዋጊ ሆኖ፣ ከልጁ ከአትሬየስ ጋር በዘጠኙ ዓለማት እየዞረ ጭራቆችን እያሳደደ ይገድላል። ክራቶስ የወረወረው መጥረቢያ ተመልሶ እጁ ሲገባ ጆይስቲኩ መዳፍ ውስጥ ይርገበገባል፤ ውጊያው በእውነት የተዋጣለት ነው። የጨዋታው ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ የተተነበየ ሞት ይቀራል ወይ?

ጨዋታው በተመሠረተበት በጥንቱ የስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ አይቀርም። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ ኦዲን የተባለውን አምላክ ፌንሪር የተባለው ተኩላ ይውጠዋል፤ ሌላው አምላክ ቶርም አንድ ግዙፍ እባብ ገድሎ ዘጠኝ እርምጃ እንደተራመደ በመርዙ ይወድቃል። አማልክቱ ትንቢቱን ፈርተው ተኩላውን በማታለል ያስሩታል፤ ጠላት ያደረገውም ምናልባት ይኸው ፍርሃታቸው ነው።

ጨዋታው ይህን የአርባ ቀን ዕድል ይሞግታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የጨዋታው ቀዳሚ ክፍል መጨረሻ የክራቶስን ሞት የሚያሳይ የሚመስል ሥዕል ግድግዳ ላይ ይታያል። በተከታዩ ክፍል፣ በ«ራግናሮክ»፣ ኖርኖች የሚባሉት ሦስት ሴቶች የተጻፈ ዕጣ እንደሌለ፣ ሰው ጠባዩን ስለማይለውጥ ብቻ ምርጫው አስቀድሞ እንደሚታወቅ ይነግሩታል። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ኃላፊነትን ከሰማይ አውርዶ በሰው ጠባይ ላይ ይጥላልና። ድክመቱ ተጫዋቹ ራሱ ሌላ መንገድ መምረጥ አለመቻሉ ነው፤ ታሪኩ ለሁሉም አንድ ነው። ክራቶስ ግን ጠባዩን ይለውጣል፤ ሥዕሉ ላይ እንደታየው ሳይሞትም ይቀራል።