ዓሣው በድሏልን?

ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚቀርቡልን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ከመጻሕፍት ወይም ከቤተሰብ ኑሮ የሚነሡ ናቸው። ዛሬ የምናነሣው ግን ከአንድ የመስተዋት ገንዳ የተነሣ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ለብዙ ጊዜ ከአእምሯችን ስላልወጣ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍለው ወደድን።

ባለፈው ዓመት ከትንሣኤ በዓል በኋላ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ስንጎበኝ በአንድ ቤተሰብ ቤት ለማዕድ ተጋብዘን ነበር። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጥግ ወደ 300 ሊትር ውኃ የሚይዝ ገንዳ ቆሟል። ውኃው እንደ ባሕር ውኃ ጨው ተመጥኖ የተጨመረበት ነው፤ ሙቀቱም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል እንዲሆን በመሣሪያ ይጠበቃል። ገንዳውን የሚንከባከበው የ14 ዓመት ልጃቸው ሲሆን፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ዓሦች አብረው የሚኖሩበት እንዲህ ያለው ገንዳ በዚያ አገር «የማኅበር ገንዳ» እንደሚባል በደስታ አስረዳን።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከሱቅ ያመጣው ሞሬይ የሚባል እባብ መሰል ዓሣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሁለት ሽሪምፖችን፣ ኋላም ክሎውንፊሽ ከሚባሉት ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች አንዱን በልቶበታል። ሻጩ «ከሌሎች ጋር ተስማምቶ ይኖራል» ብሎት ነበር። አባት ተቆጥተው «ይህን እባብ አውጥቼ እጥለዋለሁ» ይላሉ። አያት ደግሞ ከመጀመሪያውም ቅርፊት የሌለው ነገር ወደ ቤት መግባቱን አልወደዱትም፤ በአገራችን አምባዛን የማይቀምሱ ብዙዎች እንዳሉ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። ልጁ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኛ ዞረና «አባ፣ ርቦት ነው እኮ የበላው። ኃጢአት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀን።

እኛም «እንስሳ ኃጢአት አይሠራም» አልነውና እንጀራችንን ቆረስን። መልሱ ትክክል ነበር። ነገር ግን የጥያቄውን ግማሽ ብቻ እንደ መለስን የተረዳነው ወደ አገራችን ስንመለስ በአውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን ነው።

አስቀድመን ስለ መለስነው ግማሽ እንናገር። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው «ሱማ ቴዎሎጂካ» አንድ አሳብ ተቃውሟል። አንዳንዶች ከሰው ውድቀት በፊት አራዊት ሁሉ ሣር ይበሉ እንደ ነበር ያስቡ ነበርና፣ ቶማስ ይህን ሳይቀበል፣ የሰው ኃጢአት የእንስሳትን ተፈጥሮ አልለወጠውም፤ አንበሳና ጭልፊት ዛሬ ሥጋ በል ከሆኑ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበሩ ይላል። እንግዲህ አንዱ እንስሳ ሌላውን መብላቱ የበደል ፍሬ ሳይሆን የተፈጠረበት ጠባይ ነው ማለት ነው።

የልጁም ሞሬይ ሁለንተናው ይህንኑ ይመሰክራል። ነጭ ገላው ላይ ጥቁርና ቢጫ ምልክት ስለ ተነሰነሰበት እንግሊዞቹ በበረዶ ብናኝ ስም «ስኖውፍሌክ» ይሉታል። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ በኮራል ድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል፤ ርዝመቱም እስከ 1 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ምግቡን የሚፈልገው በይበልጥ በማሽተት ነው። ጥርሶቹም እንደ ሌሎቹ ሞሬዮች እንደ መርፌ የሾሉ ሳይሆኑ ደንዘዝ ያሉ፣ የሸርጣንንና የሽሪምፕን ልባስ ለመስበር የተመቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የነበሩ ሪታ ሜታና ፒተር ዌይንራይት የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሞሬይ በጉሮሮው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ እንዳለውና ይህም ወደ ፊት ተወርውሮ የተያዘውን ወደ ውስጥ እንደሚጎትት አሳይተዋል። ለረሃብተኛ ሰው ማዕድ ዘርግቶ «አትንካ» ማለት ከባድ ፈተና ነው፤ ሰው ግን ቢያንስ ትእዛዙን ይሰማል። ሞሬይ ይህን የሚሰማበት ጆሮ አልተሰጠውም።

በዚያ ምሽት አያት ገንዳውን እያዩ «እዩት፣ ሊበላን አፉን ሲከፍት» ብለው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛም እንደዚያው መስሎን ነበር። ሆኖም ሞሬይ አፉን ሳያቋርጥ የሚከፍተውና የሚዘጋው ለመተንፈስ ነው፤ ውኃውን በአፉ አስገብቶ ከራሱ ኋላ በሁለቱም ጎን ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያስወጣዋል። እኛ ዛቻ ያልነው እስትንፋስ ነበር።

የቀረው ግማሽ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዓሣው ካልበደለ፣ በደል የለም ማለት ነውን?

በባሕር ውስጥ ሞሬይና ሽሪምፕ ጎረቤታሞች ናቸው። የዓሦችን ገላ የሚያጸዱ የሽሪምፕ ዓይነቶች አሉ፤ ሞሬይ ወደ ስፍራቸው መጥቶ አፉን ሲከፍትላቸው ገብተው ተባዩንና የሞተውን ቆዳ ለቅመው በደኅና ይወጣሉ። የልጁ ሁለት ሽሪምፖች ከዚሁ ወገን ስለነበሩ ነበር ያለ ሥጋት የተዋቸው። ከዚህም የሚደንቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ረዱዋን ብሻሪና የሥራ ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በቀይ ባሕር ግሩፐር የሚባለው ትልቅ ዓሣ የግዙፉ ሞሬይ ጉድጓድ ፊት ቀርቦ ራሱን በመነቅነቅ ለአደን ይጠራዋል። ግሩፐር በገላጣው ውኃ፣ ሞሬይም በስንጥቁ ውስጥ ያድናሉ፤ ከአንዱ ያመለጠ በሌላው እጅ ይወድቃል። የያዘው ይውጣል እንጂ ማካፈል የለም። የአደን ጥሪውንም ሞሬይ ካልፈለገ ከጉድጓዱ አይወጣም።

ይህን ዓይነቱን አብሮ መኖር የሚያጸናው፣ እንደሚመስለን፣ መሄድ መቻል ነው። ሽሪምፑ የሚሸሽበት ስንጥቅ አለው፤ ሞሬዩም ሲርበው ሌላ የሚፈልግበት ሰፊ ባሕር አለው። በገንዳ ውስጥ ግን ረሃብ ሲመጣ ለሁለቱም መውጫ የላቸውም፤ ስለዚህ ሰላማቸው ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። በአገራችን የጽዋ ማኅበር የሚገባ ሰው ወዶ ይገባል፣ ተራው ሲደርስ ይደግሳል፣ ካልተስማማውም ለሙሴው ነግሮ ይወጣል። በመስተዋቱ ማኅበር ውስጥ ወዶ የገባ አንድም የለም። ሁሉንም ያስገባቸው አንድ እጅ ነው፤ ክዳኑንም የዘጋው ያው እጅ ነው። በባሕር ቢሆን ለማንም የማይቆጠረው የሽሪምፑ ሞት፣ በገንዳው ውስጥ ክዳኑን ለዘጋው ሰው የሚቆጠርበት ምክንያት ይህ ነው።

በሴሚናሪ ላቲን ስንማር ያነበብነው አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ትዝ ይለናል። ቬዲየስ ፖልዮ የተባለ ሮማዊ ባለጠጋ በቤቱ ገንዳ ሙሬናዎችን ያረባ ነበር፤ የዛሬው የሞሬይ ስም ከዚሁ የላቲን ቃል የመጣ ነው። አውግስጦስ ቄሣር በቤቱ በተጋበዘ ጊዜ አንድ ባሪያ የብርሌ ዕቃ ቢሰብር፣ ጌታው ለሙሬናዎቹ እንዲጣል አዘዘ። ብላቴናው ከቄሣር እግር ሥር ወድቆ የለመነው እንኳ እንዲምሩት ሳይሆን በሌላ አሟሟት እንዲሞት ብቻ ነበር። አውግስጦስም ባሪያውን ነጻ አወጣ፣ የቤቱ ብርሌ ሁሉ በፊቱ እንዲሰበርና ገንዳውም እንዲደፈን አደረገ። ታሪኩን የጻፈው ሴኔካ ቍጣን ለመንቀፍ ስለ ተረከው፣ ከገንዳው መደፈን በኋላ ሙሬናዎቹ ምን እንደ ሆኑ አልነገረንም። በአንጻሩ ሆርቴንሲዩስ የተባለው የሕግ ተናጋሪ አንዲት ሙሬና ስትሞትበት እንዳለቀሰ ፕሊኒዩስ ጽፏል። አንዱ አለቀሰላቸው፣ ሌላው ሰው ሊመግባቸው ፈለገ፤ ከሮማውያኑ ግን ዓሦቹን ለፍርድ ያቀረበ አልነበረም።

ልጁን በደለኛ ለማለት እንቸኩላለን ማለት አይደለም። ሻጩን አምኗል፤ ገንዘቡን የሰጡትም አባቱ ናቸው። በሥነ ምግባር ትምህርት እንደምንማረው አለማወቅ ጥፋትን ያቀልላል፤ ለማወቅ ሲቻል ሳይጠይቁ መቅረት ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የሻጩ ጥፋት ከሁሉ የከበደ ይመስለናል፤ ይህ ሞሬይ ሽሪምፕና ሸርጣን በል መሆኑ ለሚሸጠው ሰው ሊሰወረው አይገባም ነበር። የልጁ ምኞት ግን የሚያስነቅፍ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 ተኵላና ጠቦት አብረው የሚቀመጡበትን ዘመን አሳይቶናል፤ ያን የመሰለ ነገር በሳሎኑ ጥግ ለማየት ያልጓጓ ልጅ ማን ነው? ስሕተቱ ያ ሰላም በመስተዋትና በክዳን የሚመጣ መምሰሉ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አባት እንዳሉት አውጥቶ መጣል በጥፋቱ ላይ ሌላ ጥፋት መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ከሰው ክብር ጋር እንደማይስማማ ያስተምራል። ወደ ባሕር ልልቀቀው ማለትም ርኅራኄ ቢመስልም አይገባም፤ ላየንፊሽ የሚባለው የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ጠረፍ ታይቶ፣ ዛሬ በአትላንቲክና በካሪቢያን ያገሩን ዓሦች እየፈጀ ነው፤ መነሻውም ከቤት ገንዳ የተለቀቁ ዓሦች እንደሆኑ ይታመናል። የሚቀረው ወይ ለሚችል ሰው ማስረከብ፣ ወይ በጠባዩ መሠረት ማኖር ነው። ሽሪምፕና ትንንሽ ዓሣ ከፊቱ ማንሣት፣ የሚደበቅበት ዋሻ መሥራት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የዓሣና የስኩዊድ ቍራጭ በረጅም መቆንጠጫ ማቅረብ፣ ክዳኑንም ቀዳዳ ሳይቀር መድፈን ያስፈልጋል፤ ሞሬይ በጠባብ ክፍተት ወጥቶ ወለል ላይ ደርቆ መገኘቱ የተለመደ ነውና። ገና ያልገዛ ሰው ደግሞ፣ በሱቅ ያሉት ሞሬዮች በሰው እጅ የተራቡ ሳይሆኑ ከባሕር የተያዙ መሆናቸውን አስቀድሞ ቢያስብ መልካም ነው።

እናት በዚያ ምሽት ጥቂት ብቻ ተናግረው ነበር፤ «የጨውና የመብራቱ ወጪ ለወንድሜ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆን ነበር» አሉ። ከተባለው ሁሉ የከበደን ይህ ነበር። ያው ትምህርተ ክርስቶስ አስቀድሞ ለሰው ችግር መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋል እንደማይገባ ይናገራል፤ እኛም ለእናቲቱ የምንጨምረው አልነበረንም። ነገር ግን ገንዳው አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ የሞሬዩን ድርሻ ቈርጦ ለልጆቹ ክፍያ ማድረግ አይቻልም፤ ሂሳቡ መታየት የነበረበት ከመግዛት በፊት ነበር።

በገና ሰሞን ልጁ ስልክ ደወለልን። የቀረውን ክሎውንፊሽ ለጓደኛው ሰጥቷል፤ ሞሬዩም ገንዳውን ብቻውን ይዞታል። ሌላ ዓሣ እንዳይገዛ ከእናቱ ጋር ተስማምተው፣ ለዓሣ ይመደብ የነበረው ገንዘብ ወደ አገር ቤት ይላካል። አባት ከቅዳሴ ሲመለሱ በመቆንጠጫው የሚመግቡት እርሳቸው ናቸው፤ በክዳኑም ላይ ሁለት ጡብ ጭነውበታል። አያትስ ብለን ብንጠይቀው ሳቀ። ገንዳው አጠገብ ወንበር እንዳስጠጉና፣ ሞሬዩ አፉን በከፈተ ቍጥር «ተንፍስ፣ ልጄ፣ ተንፍስ» እንደሚሉት ነገረን።